የመምህር አስናቀው ኃይለ ሚካኤል ሕይወትና ከአልጋቸው ሥር የተገኘው ድስት

መምህር አስናቀው ኃይለ ሚካኤልን ላለፉት ሦስት ዓመታት አቁማ ያኖረቻቸው የእህታቸው ልጅ ስንቄ፣ ማለትም የዚህ ታሪክ ጸሐፊ እኔ ነኝ። ይህ በቢቸናም በሞጣም የታወቀ ነው። እስከ ትናንት ድረስ የታወቀ ነበር።

መምህር አስናቀው ከአባታቸው ከአቶ ኃይለ ሚካኤልና ከእናታቸው ከወይዘሮ ባንቺዓለም በ1951 ዓ.ም. ቢቸና ተወለዱ። እዚያው ተምረው፣ መምህርነት ሠልጥነው፣ በ1984 ዓ.ም. ወደ ሞጣ ተዛወሩና እስከ ዕለተ ሞታቸው ፊዚክስ አስተማሩ። ከወይዘሮ ወይንእሸት ጋር በቁርባን ተጋብተው ሀይማኖትንና ታደለን ወልደዋል።

ተማሪዎቻቸው የማይረሱት አንድ ትምህርት አላቸው። በጥር ወር ክፍሉን በሙሉ ይዘው አውድማ ይወርዱና ጤፍ ከሚያዘሩ ገበሬዎች ፊት ያቆሟቸው ነበር።

«ድንክ ጋላክሲ ማለት ጥቂት ከዋክብት ያሏት የሰማይ መንደር ናት» ይሉ ነበር። «ከዋክብቷ ሲፈነዱ ጋዟን እንደዚህ እብቅ ይበትኑባታል። አዲስ ኮከብ የሚወለደው ደግሞ ከዚያው ጋዝ ነው። በሚታየው ክብደቷ ብቻ ቢሆን ባዶዋን በቀረች። ግን የሚይዝላት የማይታይ ነገር አለ፤ ጥቁር ቁስ ይባላል። እሱ ከበረከተላት ኮከብ ትወልዳለች፤ ካነሳት ትመክናለች።»

አንዱ ተማሪ «ካልታየ መኖሩ በምን ታወቀ?» ቢላቸው፣ «አለመበተኗ ነዋ!» አሉት።

በ2007 ዓ.ም. ወይዘሮ ወይንእሸት ሲያርፉ መምህር አስናቀው እህል ተዉ። ልጆቻቸው አዲስ አበባ ናቸው። እሳቸውም ባለቤታቸውን ተከትለው ሊሞቱ ነው ብለን ስንፈራ እኔ ከቢቸና ተላክሁ። እሳቸው በማስተማር የጠዋት፣ እኔ በመማር የከሰዓት ፈረቃ ስለነበርን ምሳቸውን ሽሮ ሠርቼ፣ ከድኜ እሄዳለሁ፤ ስመለስ ሳህኑ ሙልጭ ብሎ አገኘዋለሁ። ጋሼ ወዛቸው ተመለሰ። እኔም አገር ላገር አወራሁ።

ትናንት ሚያዝያ 17 ቀን 2010 ዓ.ም. ከክፍል ሲመለሱ የደም ግፊታቸው ተነሥቶባቸው፣ ሐኪም ዘንድ ሳይደርሱ በ59 ዓመታቸው ዐረፉ። ክው አልን። ጠመኔው እንኳ ከኮታቸው ኪስ አልወጣም።

ወዲያው ለለቀስተኛ ቤቱን ስናስለቅቅ ሽሮዬ እንደተከደነ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ከአልጋው ሥር ግን የእኛ ያልሆነ፣ ገና ያልቀዘቀዘ ድስት ወጣ። የጎረቤታችን የአቶ ሙሐመድሁሴን ባለቤት እትዬ ዘይዳ ሲያዩት ጮኹ፦ «ወይኔ ጋሼ አስናቀው! ምሳዎትን ሳይቀምሱ!»

ለካ ሥጋ ነክቶት በማያውቅ፣ ለእሳቸው ብቻ በለዩት ድስት በየቀኑ እኔ ስወጣ እያመጡ ከአልጋው ሥር ያስቀምጡላቸው ኖሯል።

«የእኔስ ሽሮ?» አልኩ።

«ለዶሮዎቼ ይሰጡኝ ነበር» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ። «‹እንዳትነግሪያት፣ ልጅቱ ይከፋታል› ብለው አስምለውኝ።»

በእኔ ወጥ ብቻ ወዝ እንደማይመለስ ማንም ቀማሽ ያውቃል። አለመበተናቸውን በየቀኑ እያየሁ፣ ማን ያዛቸው ብዬ አልጠየቅሁም።

መምህር አስናቀው የሁለት ልጆች አባት፣ የእናቴ የወይዘሮ አገሬ ብቸኛ ወንድም ነበሩ። ዛሬ በትውልድ አገራቸው ቢቸና ከባለቤታቸው ጎን ያርፋሉ። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ መካከል ያኑርልን፤ የማይታየው እጁ አጥብቆ ይያዛቸው።

መጨረሻው ላይ «እኔም ብሆን ከሚታዩት ከዋክብት አንዷ ነበርኩ» ብዬ ጽፌ ለእናቴ አነበብኩላቸው። እናቴ ነጠላቸውን ከፊታቸው ገለጥ አድርገው፦

«የምን ኮከብ! ሦስት ዓመት ሙሉ የቀለብሽው የዘይዳን ዶሮዎች ነው።»