ስለማይከፈተው የኦክስጅን ቦምቦላና ለነርሷ ስለተጻፈው ማስጠንቀቂያ

ለተከበሩ የአፍና የጥርስ ቀዶ ሕክምና ማዕከሉ ሥራ አስኪያጅ፤
ባሉበት።

ክቡርነትዎ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ የተሟላ፣ ትንፋሽዎም ሳይቆራረጥ የሚወጣና የሚገባ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ፤ በተለይ ይህን ሁለተኛውን የምመኝልዎ፣ በማዕከልዎ የሰው ትንፋሽ ቀጥ ቢል ማን ምን እንደሚያደርግ ገና ያልተወሰነ መሆኑን በዓይኔ ስላየሁ ነው።

እኔ በያጅ ነኝ፤ ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ናት። ባለፈው ወር አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ ድድዋ ውስጥ ተቀብሮ እንቅልፍ የነሳትን የመጨረሻ መንጋጋ ጥርስ ለማስወጣት ወደ እናንተ መጣን። እኔ ከሥራ በቀጥታ ስለመጣሁ ቱታዬን አልቀየርኩም ነበር። እሷ የሚያስተኛ መድኃኒት በደም ሥሯ ተሰጥቷት ስትገባ፣ እኔ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጬ፣ ሠራተኞችዎ ለድንገተኛ አደጋ የሠለጠኑ መሆናቸውን የሚገልጸውን ባለ መስታወት የምስክር ወረቀት አነብ ነበር። አንብቤ ሳልጨርስ ውስጥ ትርምስ ተነሣ። ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

1. የታካሚን ኦክስጅን የሚለካው መሣሪያ፣ ጩኸቱ ሰው እንዳይረብሽ ድምፁ ተዘግቶ ስለነበር አመሰግናለሁ። በእርግጥም ባለቤቴ አልተረበሸችም፤ ከንፈሯ ሲጠቁር እንኳ ጸጥ ብላ ነበር። ሐኪሙ ዓይናቸው ጥርሱ ላይ ስለነበር፣ መጥቆሩን ያየችው ነርሷ ናት። ይህን ሐኪሙ ራሳቸው ሳይደብቁ ነግረውኛል።

2. ሐኪሙ “ኦክስጅን አምጡ” ሲሉ ሦስት ሰዎች በአንድ አፍ “እሺ” ማለታቸውን በሩ ላይ ቆሜ ሰምቻለሁ። ሦስቱም ሌላው ይሄዳል ብለው ቆሙ። እንዲህ ያለ መከባበር በሌላ መሥሪያ ቤት አላየሁም።

3. ቦምቦላው በመጨረሻ መጣ። ሙሉ ነበር፤ አልክድም። መክፈቻው የት እንደሚቀመጥ የሚያውቀው ሠራተኛ ግን ፈቃድ ላይ ነበር። ነርሷ የባለቤቴን አገጭ በሁለት እጇ ወደ ፊት ስባ እንደያዘች ቀና ብላ አየችኝና፣ “ጋሼ፣ በያጅ ነኝ ብለውኝ አልነበር? ቶሎ ይግቡና ይክፈቱልን” አለችኝ። የቦምቦላ መክፈቻ ቁልፌን ከቱታዬ ኪስ አወጣሁ። ሃያ ዓመት ለብረት ስከፍተው የኖርኩትን ነገር ለሚስቴ ስከፍተው፣ ቁልፉ ሁለት ጊዜ አመለጠኝ። ኦክስጅኑ ሲመጣ ነርሷ ጭምብሉን የባለቤቴ ፊት ላይ ገጥማ፣ ከጭምብሉ ጋር የተያያዘውን የአየር ከረጢት ቀስ እያለች እየጨመቀች አየር አስገባችላት። ስንት ደቂቃ እንደሆነ አላውቅም። የፊቷ ቀለም ሲመለስ እኔ ወለሉ ላይ ተቀምጬ ነበር። ስትነቃ መጀመሪያ የጠየቀችው “ጥርሱ ወጣ?” ብላ ነው። አልወጣም።

4. ከሁሉ የሚበልጠው ምስጋናዬ ግን፣ ለነርሷ ስለጻፉላት ማስጠንቀቂያ ነው። “የቆሸሸ ልብስ የለበሰ ግለሰብ ያለ ፈቃድ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል በማስገባቷ” ይላል። የቆሸሸው ግለሰብ እኔ ነኝ፤ አልቀየምዎትም። ቢሮዎ መጥቼ ሳነጋግርዎ፣ “እኛ ሥልጠና ሰጥተናል” ብለው የተሳታፊዎቹን ፊርማ አሳዩኝ። የሁሉም ፊርማ አለ። ሐኪሙን ስጠይቃቸው ግን፣ ሥልጠናው ወንበር ላይ ተቀምጦ ስዕል ማየት እንደነበርና ቦምቦላውን የነካ እንዳልነበረ አንገታቸውን ደፍተው ነገሩኝ።

በእኔ ወርክሾፕ አዲስ ሠራተኛ እሳት ከመለኮሱ በፊት፣ ቦምቦላ መዝጋትን ዓይኑን ጨፍኖ እስኪችል ይለማመዳል። እኔ የምበይደው የመስኮት ፍርግርግ ነው፤ እናንተ ደግሞ ሰው ታስተኛላችሁ። ስለዚህ ማን አየር እንደሚሰጥ፣ ማን ቦምቦላ እንደሚያመጣ፣ ማን አምቡላንስ እንደሚጠራ በስም ተለይቶ፣ ሁሉም በየወሩ እዚያው ክፍል ውስጥ በአሻንጉሊት ላይ እንዲለማመዱ፣ የነርሷም ማስጠንቀቂያ እንዲነሣላት በትሕትና እለምናለሁ።

ውድ ጊዜዎን በማባከኔ እያፈርኩ፣ ለማዕከልዎ ያለኝን ከፍ ያለ አድናቆት በድጋሚ እየገለጽኩ፣ እጅ ነሥቼ እሰናበታለሁ፤
ያልተፈቀደለት ግለሰብ

ድህረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤውን ሳላሽገው ነርሷ ሌላ ክሊኒክ መቀጠሯን ሰማሁ። የዚያ ክሊኒክ ኃላፊዎች የእርስዎን የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ አንብበው፣ ሌላ የድጋፍ ደብዳቤ አያስፈልግሽም ብለዋታል።