ከሴይፋኑ ሥር የለየኋት ሙት

እሑድ
ቧንቧ ሠራተኞቹ ነገ ግቢውን ይቆፍራሉ ስለተባለ የያልጋን አበባ ዛሬ እኔው አወጣሁት። በዶማ አይደለም፣ በማንኪያ። እዚህ እስራኤል፣ በሬሆቮት ከተማ እንደኔ በማንኪያ የሚያርስ ጎንደሬ ካለ ይምጣ!

ያልጋ ሚስቴ ነበረች። አበባው ከግድግዳችን ሥር ራሱ የበቀለ የዱር ነው፤ ቅጠሉ ጎራዴ ስለሚመስል በዕብራይስጥ ሴይፋን ይሉታል። በየዓመቱ ሣር አጫጁን "ዋ! እሱን ከነካህ!" እያለች ያስጣለችው እሷ ናት። ሣምንት እሑድ ሙት ዓመቷ ነው፣ ተዝካሯን እናወጣለን። ለዘመዱ ሁሉ "ያን ቀን አበባዋን ፈክቶ ታዩታላችሁ" ብዬ ፎክሬያለሁ።

ሥሩን ሳይ ግን ደነገጥኩ። መረብ የለበሰ፣ ሽንኩርት የመሰለ ራስ አለው። ከሥሩ ሌላ ራስ ተጣብቋል፤ የተጨማደደ፣ የጠቆረ፣ ሙት። ሕያው በሙት ላይ ተቀምጦ! በአገራችን፣ በኛ በቤተ እስራኤሎች ወግ፣ ሬሳ የነካ ሰባት ቀን ተለይቶ፣ ታጥቦ ነው ቤት የሚገባ። ለየኋቸው። ሕያዉን ባልዲ ውስጥ ተከልኩት፣ ሙቷን አጥሩ ሥር ቀበርኳት። እጄን ታጠብኩ።

ሰኞ
አበባው ቀና ብሏል። እኔም። የማታ የጽሕፈት ትምህርቱን ስንጨርስ መምህራችን "አንተ ከአራት ነጥብ ይልቅ ጉራ ታበዛለህ" ብላኝ ነበር። ይኸው አራት ነጥብ።

ልጄ ሺራ ለተዝካሩ የእናቷን ሻሽ ጠየቀችኝ። የያልጋን ነገር ሁሉ ሻንጣ ውስጥ ዘግቼ ቁም ሳጥን ላይ ሰቅዬዋለሁ። "የሙት ነገር ለሕያው አይሆንም" አልኳት።
"ቤሰደር፣ እሺ አባ" አለች። እሷ ቤሰደር ስትል ቤሰደር አይደለም።

ማክሰኞ
ጎራዴው ጎበጠ። ጫፉ ወደ አጥሩ ይጠቁማል፣ ወደ ቀበርኳት። ባልዲውን አዞርኩት። ከሥራ ስመለስ እንደገና ወደ አጥሩ።
ነፋስ ነው። ፀሐይ ነው። ከሁለቱ አንዱ ይሁን።

ሐሙስ
እምቡጦቹ በአንድ ወገን ነው የሚሰለፉት። ጀርባቸውን ሰጥተውኛል። ውሃ እየጠጣሁ በጠራራ ፀሐይ "ለምን ለየኸኝ?" የሚል ድምፅ ሰማሁ። የያልጋ ድምፅ። ጅብ የማልፈራ ሰውዬ ብርጭቆዬን ጣልኩ።

ራያ የምትባለውን ጎረቤታችንን ጠራኋት፤ ድሮ ሩሲያ የዕፅዋት መምህርት የነበረች አሮጊት ናት።
"ከሥሩ የነበረውስ?" አለች።
"ሞቷል፣ ቀበርኩት።"
"ያላ፣ ቶሎ አውጣው!"
አዲሱ ራስ በየዓመቱ በአሮጌው ጀርባ ላይ ነው የሚያድገው አለችኝ። አሮጌው ያለውን ለላይኛው አጥብቶ ይጨማደዳል። ሥሮቹም ከሱ ነው የወጡት። "እግሩን ቆርጠህበታል።"
ቆፍሬ አወጣኋት። "መልሼ ላጣብቃት?" አልኩ። ሳቀችብኝ። ከዚያ መነጽሯን አድርጋ ከሙቷ ጎን ምስር የሚያካክሉ ነገሮች ለቀመች።
"ልጆቿ ናቸው። ትከላቸው። ጊዜ ይፈልጋሉ እንጂ ያብባሉ።"
ከነሕይወታቸው ቀብሬያቸው ነበር።

ዓርብ
ልጆቿን ከባልዲው ዳር ዳር ተከልኩ። ትልቁ አንገቱን እንደደፋ ነው። ሻንጣውን አየሁት፣ ሻንጣውም አየኝ። ሰንበት ሊገባ ነው፣ በቃ።

እሑድ
ጧት ሻንጣውን አውርጄ ሻሹን ለሺራ ሰጠኋት። ተቀብላ አሸተተችው።

ቄሱ ዳቦውን ባርከው፣ ዘመድ በልቶ ጠጥቶ ነገር ጀመረ። ወንድሜ "ያ የፎከርክበት አበባ የታል?" አለኝ።
"እንዳንተው ማርፈድ ይወዳል" አልኩት። ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

እንግዶቹ ሁሉ ሲሄዱ ግቢ ወጣሁ። ባልዲው ላይ ጎንበስ ያለች ሴት አለች፣ ሻሽ ያሰረች፣ ጀርባዋ ያ ጀርባ።
"ያልጋ!" ብዬ ተጣራሁ።
ሺራ አልዞረችም።
"አቤት" አለች። "ና እይ፣ የታችኛው እምቡጥ ቀላ ብሏል።"
አየሁት። ቀልቷል። ይፍካ፣ ይድረቅ፣ እንጃ።