የእንግዳው ድርሻ

ባሕር ዳር፣ ኅዳር 29 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለምወድሽና ዓይንሽን ለማየት ለምጓጓ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? የጎንደር ብርድ አልጠናብሽም? ያ የጉሮሮሽ ሕመም ተመልሶ አልመጣም? ተማሪዎችሽስ ይሰሙሻል ወይስ «ድምፅሽ አይደርስም» እያሉ ይስቁብሻል? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ጉንፋን ጥሎኝ ነበር፣ ለቀቀኝ። ፋብሪካው ያው ነው፤ የጥጥ ብናኝ ውጠን እንገባለን፣ የጥጥ ብናኝ ውጠን እንወጣለን። ሐይቁ ብቻ ዘንድሮ ሞልቶ እስከ መንገዱ መጥቶ ነበር፤ አሁን ሸሽቷል።

ጥያቄ ማብዛቴን ታውቂዋለሽ፣ እንግዲህ ቻይኝ። አሁን ደግሞ ጠያቂዋ አንቺ ሆነሻል። እህታችን ሰገነት ደብዳቤሽን አድርሳልኛለች። «ትተሽን ሄድሽ የሚሉት እውነት ነው? ከራስሽ አፍ ልስማው» ብለሻል። መሪያችን አስናቀ «ቀዝቅዛለች፣ ወደ ግብፅ ተመልሳለች» ብሎ ጽፎልሻል አሉ። ግብፅ! እኔ እንኳን ግብፅን፣ እዚህ ቅርብ ያለችውን መሸንቲን ካየሁ ስንት ጊዜዬ!

እውነት ነው፣ ትቻችኋለሁ። ለምን እንደሆነ ከሥሩ ልንገርሽ። ለገና ስትመጪ ለሌሎቹም አንብቢላቸው። እኔ አሁን የሚሰበሰቡበትን ቤት አላውቀውም፤ አልነገሩኝም፣ ባለመንገራቸውም አልቀየምኋቸው። ከተነበበ በኋላ ግን በሞቴ ወደ እሳት ወርውሪው።

ወንድማችን ክንዱ ከእስር የወጣ ሰሞን አንቺም ነበርሽ። የእግሩን መዳፍ በዓይንሽ አይተሻል። «ጴንጤ» ተብሎ የተያዘ ሰው ምን ሆኖ እንደሚመለስ ከዚያ ወዲህ ማንም አልጠየቀም። አንቺ ወደ ጎንደር ከተዛወርሽ በኋላ ደግሞ ባሰ። ሰብሰብ ብለን አንድ ቤት ከገባን የአብዮት ጥበቃዎቹ በር ይደበድባሉ። ልደት ነው አልን፣ ዕቁብ ነው አልን፣ ሰበቡ ሁሉ አለቀ። አስናቀ አንድ ቀን ጭንቅላቱን ይዞ «እስቲ ምን ብንል ነው የሚያምኑን?» አለ። ያኔ ነው እኔ አፌን የከፈትሁት። የቄስ ልጅ አይደለሁ? ዘጌ አባቴ ቤት ማኅበር ሲጠጣ እያየሁ ነው ያደግሁት። «የማርያም ማኅበር ነው እንበል» አልኋቸው። «በየወሩ በሃያ አንድ ጽዋ እንጠጣለን ብንል ማን ምን ይለናል?»

ወንድሞች መጀመሪያ አኮረፉ፣ ኋላ ግን ሌላ መላ ጠፋ። ወንድም አምሐ ቤት ሥዕሏን ሰቀልን። ዳቦ ጋገርን። ጽዋውን በነጭ ጨርቅ ሸፈንን፣ ጠላ አንቀምስም ስላሉ ውስጡን ብርዝ ሞላነው። የማኅበር አለቃ ሙሴ እንደሚባል ስነግራቸው ሙሴነቱን ለኔው ሰጡኝና ተገላገሉ። እኔ ደግሞ ከጀመርሁ አልቻልም፣ ሁሉም እንደ ወጉ ይሁን አልሁ። ዳቦው ሲቆረስ «አንድ ድርሻ ለይታችሁ አስቀምጡ» አልኋቸው።

አምሐ ለማን ነው ብሎ ጠየቀኝ። ለእንግዳ ነዋ! በማኅበር ቀን ያልታሰበ ሰው በሩ ላይ ቢቆም ግባ ይባላል፤ ሂድ አይባልም። ልጅ ሆኜ አባቴን «ይኼ እንግዳ መቼ ነው የሚመጣው?» እያልሁ አሰለቸው ነበር። እንግዳው አይመጣም፣ ድርሻው ያድራል፣ ጠዋት እኔ እበላዋለሁ። አምሐ እስኪያስለው ሳቀብኝ። «እኛ ዘንድ ደግሞ ማን ሊመጣ!» አለ።

ታዲያ መጣ እልሻለሁ! ገና ማኅበሩን ሳንለምደው፣ ዳቦውን ቆርሰን ስንቀመጥ በሩ ተንኳኳ። ስከፍት እማሆይ ወለተ ኪዳን ናቸው። አንቺ አታውቂያቸውም፣ እሳቸውም አንቺን አያውቁሽም፤ አንቺ ከሄድሽ በኋላ ነው ከአምሐ አጥር ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይተው የገቡት። ቆባቸውን ደፍተው ቀኑን ሙሉ ጥጥ የሚፈትሉ መነኩሲት ናቸው። «የእመቤቴ ማኅበር እዚህ አለ ሲሉ ሰማሁ፤ ትቀበሉኛላችሁ ልጆቼ?» አሉ።

አስናቀ እኔን አየ። አምሐ እኔን አየ። የእንግዳው ድርሻ ሰሃን ላይ ቁጭ ብሏል። ምን ልበል? «ይግቡ እማሆይ» አልሁ።

ከዚያ ወዲያ አልቀሩም። እሳቸው እስካሉ ድረስ የግዳችንን የእውነት ማኅበር ሆንን። አቡነ ዘበሰማያት እንደግማለን፣ ዳቦ ይባረካል፣ ጽዋው ይዞራል። የመጀመሪያው ቀን ከጽዋው ቀመስ አድርገው «ጠላችሁ ማር ማር አለኝ» አሉ፤ ሁለተኛ ግን አላነሡትም። የያንዳንዳችንን ስም እየጠሩ ይጸልያሉ። ክንዱን «እግርህ እንዴት ዋለ?» ሳይሉ ቀርተው አያውቁም፤ እግሩ ምን እንዳገኘው ግን አንድ ቀን አልጠየቁም። ወንዛዬ ሲወርዱ ከፍል ውሃው በጀሪካን ይዘውለት መጡ፣ ክንዱም ተነከረበት። አስናቀ ሰምቶ ፊቱን አጨማደደ። ጽዋው ዞሮ ሲያበቃ እማሆይ «ጸሎት አለብኝ» ብለው በጊዜ ይነሣሉ። እኛም በሩን ቀርቅረን የራሳችንን እንጀምራለን፤ ቃሉን እናነባለን፣ በሹክሹክታ እንዘምራለን፣ ለታሰሩትና ለራቁት በየስማቸው እንጸልያለን። አንቺንም አንረሳሽም ነበር።

አንድ ቀን እሳቸው ከወጡ በኋላ ውሃ ልቀዳ ወጣሁ። ቤታቸው እኮ አጥሩን ዞሮ ነው። እሳቸው ግን ከመስኮታችን ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው እንዝርታቸውን ያሾራሉ። «ምነው እማሆይ፣ ጸሎት አልነበረብዎትም?» አልኋቸው። «ፀሐይ ልሙቅ ብዬ ነው» አሉ። ሐምሌ እኮ ነው! ደመናው ከሐይቁ ተነሥቶ ጣራችን ላይ ተኝቷል፣ የምን ፀሐይ? ገብቼ ለአስናቀ ነገርሁት። «አሮጊት አይደሉ፣ ተያቸው። ያንቺ ጥያቄ ደግሞ አያልቅም» አለኝ።

መስከረም ሃያ አንድ ላይ ጥበቃዎቹ መጡብን። እማሆይ ወጥተው እኛ ጸሎት ላይ ነን። በድንገት የእሳቸው ድምፅ ከበራፍ ተሰማ። እንደዚያ ሲጮሁ ሰምቻቸው አላውቅም። «አምባቸው! አንተ አምባቸው! ጠመንጃ ተሸክመህ ማኅበር ቤት ትገባለህ? ክርስትና ስትነሣ ያቀፍሁህ እኔ አይደለሁም?» ይላሉ። እኛ በዚያች ቅጽበት መጽሐፉን አልጋ ሥር ወረወርነው፣ ሰሃኑን ወደ መካከል ሳብነው። በሩ ሲከፈት እማሆይ ከፊት፣ ሁለቱ ጥበቃዎች ከኋላ ገቡ። አምባቸውን መሬት አስቀመጡትና የእንግዳውን ድርሻ እጁ ላይ አኖሩለት። ያ ቀበሌውን የሚያንቀጠቅጥ ሰውዬ ባርኔጣውን አውልቆ ሲበላ ብታዪው! ግን ዓይኑ አያርፍም። አስናቀ ጽዋውን እንዳልነካ አምባቸው አየና ይኼ ለምን አይጠጣም ብሎ ጠየቀ። እማሆይ «ኮሶ ጠጥቶ ነው፣ ሆዱ አይችልለትም» አሉ። የማኅበሩ ሙሴ ማነው ሲላቸውም «እኔ ነኝ፣ ምን ትሆን?» አሉት። አፉን ጠርጎ ወጣ።

በሳምንቱ ልጠይቃቸው ሄድሁ። ጉልበታቸውን እያሹ ተቀምጠዋል። ምን ሆነው ነው ስላቸው የንስሐ አባታቸው ስግደት አብዝተውባቸው እንደሆነ ነገሩኝ። «እርስዎ ደግሞ ምን ኃጢአት አለብዎት?» አልሁ እየሳቅሁ። «ዋሸሁ፣ ልጄ» አሉኝ። ለማን ብለው ነው ብዬ ልቀጥል ስል «እስቲ ያንን ልቃቂት አቀብይኝ» አሉ።

ጥቅምት ላይ ጽዋውን ራሳቸው ተረከቡ። ለኅዳር ጽዮን ተራው የእሳቸው ሆነ ማለት ነው። ደስታቸውን አትጠይቂኝ! ሲወጡ ጽዋውን እንደ ሕፃን አቅፈውት ነበር። በሩ ገና ሳይገጠም አስናቀ ተነሥቶ ቆመ። በቃ አለ። ከእንግዲህ ሥዕል ፊት አንቀመጥም፣ ቤቱም ቀኑም ይለወጣል፣ ለሴትዮዋ ማንም ትንፍሽ እንዳይል። «ጽዋውን ተቀብለዋል እኮ፣ ጋግረው ይጠብቁናል!» አልሁት። እሱ ግን አልተቆጣኝም፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ዳቦዋ ቢያድርባት ይሻላል ወይስ ክንዱ ዳግመኛ ቢገረፍ?» አለኝ። ክንዱ ጫማውን ጫማውን ያያል። አስናቀ ክፉ ሰው አይደለም፣ አንቺም ታውቂዋለሽ፤ ሌሊት እንቅልፍ የሌለው ስለኛ ሲያስብ ነው። ደግሞ ጨመረ፤ እሳቸው ዘንድ የሚሄድ ሰው ወደኛ አይመለስ፣ ማን ተከትሎት እንደሚመጣ አናውቅም አለ።

እህቴ፣ ያን ወር እንዴት እንዳሳለፍሁት እኔ ነኝ የማውቀው። እናንተ ለእኔ ምን እንደሆናችሁ ታውቂያለሽ። አባቴ ደጁን ሲዘጋብኝ በር የከፈታችሁልኝ እናንተ ናችሁ። በመዝሙራችሁ አልቅሻለሁ፣ በሽታዬን አስታማችሁኛል። እናንተን ትቼ የት እገባለሁ? ግን እማሆይንስ የት ልተዋቸው? ይግቡ ያልሁት እኔ ነኛ! ድርሻውን ያስቀመጥሁት እኔ ነኝ። እንግዳው ሲመጣ ግባ ብለን፣ ተራው ሲደርስ እኛ እንግድነት እንቢ ካልን ያ ሁሉ ጸሎታችን ምን ነበር? ይህን አስናቀን ብጠይቀው መልስ ያለው አይመስለኝም።

ኅዳር ጽዮን ዕለት ከፋብሪካ ወጥቼ በቀጥታ ሄድሁ። ያቺን ጠባብ ክፍል ቄጠማ ጎዝጉዘዋታል። አግዳሚ ወንበር ከየጎረቤቱ ለምነው ደርድረዋል። ዳቦው ከመሶቡ ተርፏል። የጽዋውን ክዳን ባነሣው ብርዝ ነው። «እማሆይ፣ ጠላውስ?» አልኋቸው። ማሩን ከወንዛዬ ተሸክመው እንዳመጡት ነገሩኝና «እናንተን የሚስማማችሁ ይኼ አይደል?» አሉ።

ጠበቅን። በር በተንቀሳቀሰ ቁጥር ቀና ይላሉ። ሌሎቹ የት ናቸው ብለው እንዳይጠይቁኝ እየፈራሁ ነበር፣ አልጠየቁኝም። ጀንበሯ ወደ ሐይቁ ስታዘቀዝቅ አቡነ ዘበሰማያት ደገሙ፣ ዳቦውን ቆረሱ። እየቆረሱ በአፍንጫቸው ያንጎራጉራሉ። መጀመሪያ የማኅበር ዜማ መስሎኝ ነበር። ጆሮዬን ስሰጥ ክው አልሁ። አንቺ ያወጣሽው መዝሙር ነው፤ ያ ስለ ማዕበሉ የምንዘምረው። እሳቸው ፊት ዘምረነው አናውቅም።

ድርሻውን በንጹሕ ጨርቅ አንድ በአንድ እየጠቀለሉ ስም ይጠሩ ጀመር። ይኼ የአምሐ፣ ይኼ የክንዱ፣ ይኼ ያ ኮሶ የጠጣው ልጅ። መጨረሻ ላይ አንድ ቀረ። የእንግዳው ነው ብዬ እጄን ስዘረጋ ያንቺን ስም ጠሩ። «ጉሮሮዋን ለሚያማት፣ ለጎንደሯ» አሉ።

ከየት አወቁት ብለሽ ጠየቅሻቸው ወይ ትይኝ ይሆናል። አባቴን ያሰለቸሁ፣ አስናቀን ያስመረርሁ፣ ያን ዕለት አንድ ቃል አልወጣኝም። እጃቸውን ስሜ ጽዋውን ተረከብሁ።

የክንዱን ድርሻ ፋብሪካ በር ላይ ሰጠሁት፣ እዚያው ቆሞ በላው። አስናቀ ጥቅልሉን ተቀብሎኝ ኪሱ ከተተ። ይብላው አይብላው እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

አሁን ምንድን ነሽ ብለሽ እንዳትጠይቂኝ፤ እኔም ራሴን እሱን ነው የምጠይቀው። እሑድ ጊዮርጊስ ሄጄ አስቀድሳለሁ፣ ማታ እንደ እናንተ በራሴ ቃል እጸልያለሁ። እማሆይ ምንም ሲሉኝ አልሰማሁም። የማውቀው አንድ ነገር ነው፤ ታኅሣሥ ሃያ አንድ ተራው የኔ ነው።

ለገና ስትመጪ ቀደም ብለሽ ብትነሺ ትደርሺበታለሽ። ለወንድሞችም ንገሪያቸው፤ ቤቴን ያውቁታል። ብርዝ ነው የምበጠብጠው። ባይመጡም ድርሻቸውን ለይቼ አስቀምጣለሁ። አንቺን እግዚአብሔር በጤና ያቆይልኝ፣ ጉሮሮሽን ይማርልኝ፣ በሄድሽበት ሁሉ ደጅ የሚጠብቅልሽ ሰው አያሳጣሽ።

ጥያቄ የማያልቅባት እህትሽ