ቫርኒሽ አልቀበል ያለውን እንጨት እሺ ያሰኙት አናጢ

አባታችን ከአናጢ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው ጥር 9 ቀን 1942 ዓ.ም. ተወለዱ። ለቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ነበሩ። ትምህርታቸውን እስከ ስድስተኛ ክፍል እንደተከታተሉ አባታቸው በማረፋቸው ደብተሩን አስቀምጠው መላጊያ ጨበጡ። የቀረውን ከእንጨት ተማሩ የምንለው ነገር ለማሳመር አይደለም፤ ሌላ አስተማሪ ስላልነበራቸው ነው።

በ1961 ዓ.ም. በአንድ ትልቅ የእንጨት ሥራ ድርጅት ተቀጠሩ። እንጨት ሳያሸቱ ስለማይቆርጡ የሥራ ባልደረቦቻቸው “አፍንጫው” አሏቸው። ለመሳለቅ ያወጡት ስም ነው፤ ኋላ ግን እነዚያው ሰዎች ጣውላ ተሸክመው “እስቲ አሽትልን” እያሉ ይመጡ ጀመር።

ይህም የሆነው ከ1968 ዓ.ም. በኋላ ነው። በዚያ ዓመት ድርጅቱ ከፈረሰ የወደብ መጋዘን በተነቀለ ጣውላ ለቤተ መጻሕፍት ስድስት የንባብ ጠረጴዛዎች ሠራ። ቫርኒሹ በሦስት ሳምንቱም አልደርቅ አለ፤ የአንባቢ እጅጌ ያዘ፣ የመዝገበ ቃላት ሽፋን ገነጠለ። ጠረጴዛዎቹ ተመለሱ። አለቃው እንጨቱ በስብሷል፣ ለማገዶ ይፈለጥ ብለው ፈረዱ። አባታችን ጥፋቱ የእንጨቱ አይደለም አሉ። “እንግዲያው አንተው አድርቀው! ካልደረቀ በዚህ በር እንዳላይህ!” ተባሉ። ያኔ እናታቸውንና አራት ታናናሾቻቸውን የሚያስተዳድሩት በዚያች ደመወዝ ነበር።

አንዱን ጠረጴዛ ላጉት። ፍቅፋቂው ወርቃማ ሆኖ ወጣ፤ አሮጌ ቆዳ ቆዳ ሸተተ፤ በጣት ሲዳስሱት ሰም የተቀባ ይመስል አሟለጨ። ቲክ ነበር፣ በተፈጥሮው ቅባታም እንጨት። ያን ሁሉ ዘመን ዝናብ ያስቻለው ቅባቱ ነው፤ ቫርኒሹን የሚገፋውም ያው ነው። አባታችን ቅባት በሚያጥበው አሴቶን ጠረጉት፤ ምሳ በልተው ተመለሱና ቀቡት። አልደረቀም። እንጨቱን አልወቀሱም፣ ምሳውን ወቀሱ፤ እሳቸው ሲበሉ ቅባቱ ከውስጥ ተመልሶ ወጥቶ ነበር። በማግስቱ ጨርቁ ቢጫ መሆኑን እስኪተው ጠረጉ፤ አሴቶኑ እንደተነነ ቁጭ ሳይሉ ቅባቱን ከውስጥ አፍኖ የሚያስቀር፣ በአልኮል የሟሟ ጎማላካ ስስ አድርገው ቀቡ፤ እሱ ሲደርቅ ቫርኒሹን አስከተሉ።

በሳምንቱ የመዝገበ ቃላቱ ሽፋን የተገነጠለባቸው መጽሐፍ ጠራዥ ለጠብ ተዘጋጅተው መጡ። አዲስ የጠረዙትን መጽሐፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው በክርናቸው ተጫኑት፤ ቆይተው አነሡት። “እንኳን መጽሐፍ አቧራም አይይዝ!” አሉ። አለቃው በዚያ ቀን ሥራ በዝቶባቸው ከቢሯቸው አልወጡም። የቀሩት አምስቱም በዚያው መንገድ ተቀቡ፤ ስድስቱም ጠረጴዛዎች እስከ ዛሬ ይነበብባቸዋል።

አባታችን እኚህኑ መጽሐፍ ጠራዥ በ1970 ዓ.ም. አግብተው እኛን ሦስት ሴቶች ልጆች ወለዱ። በ1979 ዓ.ም. የራሳቸውን ወርክሾፕ ከፍተው ከአርባ በላይ ባለሙያዎችን አፈሩ። እኛንም አስተማሩን። “ሴት ልጅ መላጊያ ትይዛለች እንዴ?” ሲሏቸው፣ “መላጊያው ጠይቆኝ አያውቅም” ይሉ ነበር።

ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ በሳንባ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው፣ መጋቢት 11 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በ74 ዓመታቸው በቤታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውን፣ አራት ወንድምና እህቶቻቸውን ትተዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ድካም በሌለበት ያሳርፍልን። እኛ ሥራ አለብን፤ ሰኞ ጠዋት ወርክሾፑ ይከፈታል።