የነፋስ ዓይን

ውድ አባባ፣

አሰላሙ አለይኩም። ይህን ደብዳቤ እህቴ ሳቢራ ቀስ ብላ እንድታነብልዎት አደራ ብያታለሁ። መሃል ላይ «በቃ፣ ገባኝ» ብለው እንደሚያቋርጧት አውቃለሁ። ዛሬ ግን እስከ መጨረሻው ይታገሱኝ።

ባለፈው ስደውል እርስዎ አላናገሩኝም። ሳቢራ ናት እያለቀሰች የነገረችኝ። ዓይንዎ ጨርሶ ከጠፋ ወዲህ «ለዕውር መስኮት ምን ይሠራለታል?» ብለው የመኝታ ቤትዎን መስኮት በምስማር አስመትተው አዘጉት አሉ። ሰው ሊጠይቅዎ ሲመጣ ፊትዎን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ፣ ምግብም ቀንሰዋል። አባባ፣ ያን መስኮት እኮ ከዋንዛ ጠርበው የሠሩት እርስዎ ነዎት። ከጅማ ስወጣ ቆመው የመረቁኝም በእሱ በኩል ነው። እንዲህ በጨለማ ተቀምጠው እንዳያልቁብኝ ፈራሁ።

እኔ አሁንም እዚህ ካምፓላ፣ ናካዋ ሰፈር ነኝ፣ የብረት በርና መስኮት እበይዳለሁ። የአናጢ ልጅ ብረት ያዘ ብለው ይስቁብኝ ነበር። አሁንም ይሳቁብኝ፣ ሳቅዎ ናፍቆኛል።

ሰሞኑን አንዲት የቡጎሎቢ ሰፈር ሴትዮ መስኮት ሊያዙ መጡ። ሚስ ናካቶ ይባላሉ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ እንግሊዝኛ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ናቸው። ከላይ በኩል መስታወት የሌለው፣ ጭራሽ የማይዘጋ ክፍተት ተውልኝ አሉኝ።

«ማዳም፣ ነፋስ ይገባል እኮ። አቧራውስ?»

«ታዲያ ነፋሱ በየት ይግባ?» ብለው ሳቁ። «አንተ ልጅ፣ ቀኑን ሙሉ ዊንዶው ዊንዶው ስትል ትውላለህ። ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለህ?»

«ይኸው የምበይደው መስኮት ነዋ» አልኳቸው።

ያን ጊዜ ነገሩኝ። ይህ የእንግሊዝኛ ቃል ድሮ ሁለት ቃል ነበር፣ አንዱ ነፋስ፣ አንዱ ዓይን። የዛሬ ሺህ ዓመት ገደማ ከሰሜን በመርከብ መጥተው እንግሊዝ አገር የሰፈሩ ሰዎች ይዘውት የመጡት ነው። ያኔ በየቤቱ መስታወት የለም። ቤቱ ጨለማ ነው፤ ጭስ የሚወጣባትና አየር የሚገባባት አንዲት ቀዳዳ ብቻ አለችው። ያችን ቀዳዳ የነፋስ ዓይን አሏት።

አባባ፣ የብየዳ መነጽሬን ግንባሬ ላይ እንዳደረግሁ ደርቄ ቀረሁ። ግድግዳ ተደግፈው የቆሙት ባዶ ፍሬሞች ሁሉ እኔን የሚያዩኝ መሰለኝ። ሱብሃነላህ አልኩ። እነዚያ ሰዎች ስም ሲያወጡላት የሰውን ዓይን ነገሬ አላሉትም። ወደ ውስጥ የሚያየው ነፋሱ ነው። ቃሉን ያወጡት አፈር ከሆኑ ስንት ዘመናቸው፤ እዚህ ታክሲ ውስጥ ግን ተሳፋሪው «ዊንዶው ክፈት፣ ዊንዶው ዝጋ» እየተባባለ በእነሱ አፍ ይጨቃጨቃል። ማታ ወደ ቤቴ ወደ ቡኮቶ ስመለስ በታክሲው መስኮት የገባው ነፋስ ፊቴን ሲነካኝ እንባዬ መጣ።

አንድ ነገርም ትዝ አለኝ። እርስዎ መስኮት ገጥመው ሲጨርሱ ራስዎ ከፍተውት አያውቁም። ዕቃዎን ሰብስበው፣ የቤቱ ባለቤት መጥቶ «ቢስሚላህ» ብሎ እስኪከፍተው ይጠብቃሉ። አንድ ቀን ባለቤቱ ከገበያ እስኪመለስ ደጁ ላይ ተቀምጠን ዋልን። እኔ ራበኝና ከፍተነው እንሂድ ብዬ ተነጫነጭኩ። «ዝም በል። ነፋሱ መጀመሪያ የሚያገኘው የቤቱን ጌታ ይሁን» አሉኝ። ያኔ አልገባኝም ነበር።

ነፋስን ማንም አይቶት አያውቅም አባባ፣ እኔም አላየሁትም። በዚህ እኔና እርስዎ እኩል ነን። ቡናው ሲያብብ ሽታው የሚመጣው፣ የመስጊዱ አዛን የሚገባው በዚያ መስኮት ነው። ነፋሱም ሊጠይቅዎ መጥቶ ደጅ የቆመ እንግዳ ነው። እርስዎ ደግሞ እንግዳ ደጅ ላይ አቁመው የሚያውቁ ሰው አይደሉም።

ሳቢራ፣ እዚህ ስትደርሺ ደብዳቤውን አስቀምጪና የአባባን ጉጠት አምጪ። ምስማሮቹን አንድ በአንድ ንቀዪ። መስኮቱን ግን እንዳትነኪው። ወደ ጎን ቁሚና ጠብቂ፣ ቢመሽም ጠብቂ። የሚከፍቱት ባለቤቱ ናቸው።

ጉልበትዎን የሚስመው ልጅዎ
ሸምሰዲን፣ ካምፓላ