ሁልጊዜ «ደህና ነኝ» የሚለው መስኮት

ለማከብርዎና ለምወድዎ አባቴ ለአቶ ዳኛቸው፤

እንዴት ከርመዋል፣ አባዬ? ክረምቱስ እንዴት አለፈልዎ? ጉልበትዎ፣ ወገብዎ እንዴት ነው? ያ ጠዋት ጠዋት የሚያስቸግርዎ ሳል ለቀቀዎ ወይ? ምግብ በደንብ ይበላሉ? እንቅልፍስ ይወስድዎታል? የጥቅምት ብርድ ጀምሯልና ጋቢዎን ሳይደርቡ ደጅ እንዳይቀመጡ። የእኔን ጤና ከጠየቁኝ፣ ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ ስለምሠራ ትከሻዬን ያመኛል፤ ባለፈው ሳምንት ደግሞ ጉንፋን ጥሎኝ ነበር፣ አሁን ተሽሎኛል። ይህን ሁሉ የምዘረዝርልዎ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ወደ ታች ስንደርስ ይገባዎታል።

ደብዳቤውን የሚያደርሱልዎ ጋሽ ነጋሽ ናቸው። ልጃቸውን ሊጠይቁ እዚህ ሊልበርን መጥተው ሰንብተው፣ አሁን ወደ ደሴ መመለሳቸው ነው። ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ስለ እርስዎ ሲያጫውቱኝ፣ «አባትሽ ዘንድሮ ኮርተውብኛል» አሉኝ እየሳቁ። ፒያሳ መንገድ ላይ ተገናኝታችሁ፣ ኮፍያቸውን አንስተው እጅ ቢነሱዎ ዝም ብለው አለፏቸው አሉ። ኋላ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲጠሩዎ ግን ዞር ብለው አቅፈው ሳሟቸው። እሳቸው ለጨዋታ ነው የነገሩኝ፤ እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ልቤ አላረፈም። ደውዬ ስለ ዓይንዎ ስጠይቅዎ «ደህና ነኝ ልጄ፣ ምን እሆናለሁ» አሉና ስልኩን ለእህቴ ለየሺእመቤት ሰጧት። እሷም «ደህና ናቸው» አለችኝ። ብዕር ያነሳሁት ለዚህ ነው።

አስቀድሜ ግን ሥራዬን ላጫውትዎ። «ኮምፒዩተር ላይ ምንድን ነው የምትሠሪው?» እያሉ ሲጠይቁኝ «ፕሮግራም» ብዬ አልፍ የለ? ዘንድሮ የተሰጠኝ ሥራ ግን ቢነግሩዎ የሚገባዎ፣ እንዲያውም የሚያስቅዎ ዓይነት ነው።

መሥሪያ ቤታችን ዱሉዝ ነው፤ ዙሪያው መጋዘን ብቻ ነው፣ ከባድ መኪና ሲገባና ሲወጣ ይውላል። እኛ ለመጋዘኖቹ ፕሮግራም እንሠራለን። መጋዘኑ ዕቃውን የሚያስጭነው በብዙ የጭነት ኩባንያዎች ስለሆነ፣ የእኛ ኮምፒዩተር ከየኩባንያው ኮምፒዩተር ጋር መነጋገር አለበት፤ መኪና አለህ ወይ፣ መቼ ትደርሳለህ፣ ዕቃዬ የት ደረሰ እያለ። ለዚህ ሲባል እያንዳንዱ ኩባንያ አንድ መስኮት ይከፍታል፤ ኤፒአይ ይሉታል። እርስዎ መንገድ ትራንስፖርት ሳሉ ባለጉዳዩ ወረቀቱን በመስኮት አስገብቶ መልሱን በመስኮት እንደሚቀበለው ማለት ነው፤ ውስጥ ማን ተቀምጦ ምን እንደሚሠራ አያይም። የእኔ ሥራ እነዚህን መስኮቶች አንድ በአንድ እያንኳኳሁ መፈተንና በየዓይነታቸው መለየት ነው፤ ከማን ጋር እንገናኝ፣ ከማን እንጠንቀቅ፣ ማንን እንተው።

ጠባያቸው ብዛቱ። አንዱ የጠየቁትን ብቻ ቁርጥ አድርጎ ይመልሳል፤ እሱን እወደዋለሁ። ሌላው ስለ አንድ ከተማ ስጠይቀው የአገሩን ከተማ ሁሉ ይዘረግፍልኛል። ትናንት በደስታ በተቀበለኝ ጥያቄ ዛሬ የሚቆጣም አለ፤ ለካ ደንቡን ለውጦ ለማንም አልተናገረም። ማሪዬታ ከተማ ያለ አንድ ትንሽ ኩባንያ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ሥራ ሲበዛበት «አሁን አልቻልኩም፣ ቆይተህ ተመለስ» ይላል፤ ቆይተው ሲመለሱ ግን የጠየቁትን አሟልቶ ይሰጣል። መጀመሪያ እሱን ከሰነፎቹ ጋር መድቤው ነበር።

አብሮኝ የሚሠራ ነቢዩ የሚባል ልጅ አለ፤ እዚሁ አሜሪካ ያደገ፣ ጎበዝ ልጅ ነው። እሱ መስኮቶቹን የሚለየው ስለ ራሳቸው በጻፉት መመሪያና በአንድ አጭር ጥያቄ ነው። አብዛኞቹ «ደህና ነህ ወይ?» ተብለው የሚጠየቁበት ትንሽ በር አላቸው፤ ደህና ከሆኑ «ኦኬ» ይላሉ። ነቢዩም «ምኞት፣ ጀስት ቼክ አድርጊው፤ ኦኬ ካለ ኦኬ ነው፣ ወደ ኔክስቱ ሙቭ እናድርግ» ይለኛል። እኔ ግን የእርስዎ ልጅ ነኝ። ቦሎ ሊወስድ የመጣን ሹፌር «ፍሬንህ ይሠራል?» ብለው ጠይቀው አያውቁም ነበር። ሁሉም ይሠራል ነው የሚለኝ እያሉ መኪናውን ያስነዱና ድንገት «ያዝ» ይሉታል። የሐረጎን ቁልቁለት የሚወርድ አውቶቡስ በሹፌሩ ቃል አይለቀቅም ብለው ስንቱን እንዳስኮረፉ አስታውሳለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። አንድ ትልቅ ኩባንያ አለ፤ ስሙን ልተወው። መመሪያው ያማረ፣ መስኮቱ የተወለወለ ነው፤ «ደህና ነህ?» ሲሉት ወዲያው «ኦኬ» ይላል። ነቢዩ አንደኛ ደረጃ ሰጥቶት ነበር። እኔ የሙከራ ጭነት ላክሁበት፤ «ተቀብያለሁ» አለ። ጥቂት ቆይቼ ያን ጭነት አሳየኝ ብዬ ብጠይቀው «እንዲህ ያለ ጭነት አላውቅም» አለኝ። ደህና ነህ? ኦኬ። ጭነቴስ? አላውቅም። ደህና ነህ? ኦኬ። ሳቄ መጣ። ነቢዩም ወንበሩን ስቦ መጥቶ «ኖ ዌይ» እያለ አብረን ደጋግመን ጠየቅነው። ለካ ውስጥ ያለው የመዝገብ ክፍል ከወደቀ ሰንብቷል፤ በሩ ላይ ያለው ግን ምንም ቢመጣ «ኦኬ» እንዲል ሆኖ ነው የተሠራው።

እኔን የያዘኝ ብልሽቱ አይደለም፤ ብልሽት የትም አለ። ሰው አስቦበት እንዲህ ያለ ነገር ለምን ይሠራል የሚለው ነው የከነከነኝ። ጠይቄ አጠያይቄ የኩባንያውን መሐንዲስ በስልክ አገኘሁት። ቅን ሰው ነው፣ አልሸሸገኝም። ድሮ በሩ እውነቱን ይናገር ነበር አለኝ፤ ነገር ግን ትንሽ እክል በገጠማቸው ቁጥር ደንበኛው ሁሉ እየደነገጠ ይደውልባቸው ነበር። እኛው እንጠግነዋለን፣ ሰው ለምን በከንቱ ይጨነቅ ብለው ሁልጊዜ ደህና እንዲል አደረጉት። አባዬ፣ ሰውዬው በእንግሊዝኛ ነበር የሚያወራኝ፤ እኔ ግን የሰማሁት የእርስዎን ድምፅ ነው።

አለቃዬ ምደባዬን ተቀበለ። ትልቁ ኩባንያ በሩን እስኪያስተካክል ድረስ ወጣ፤ የማሪዬታው ትንሽ ኩባንያ ገባ። «አልቻልኩም» ከሚል ጋር መሥራት ይቻላል፤ ሰዓቱ ይታወቃል፣ ሌላ መንገድ ይዘጋጃል። ምንም ሊደረግለት የማይቻለው ሁልጊዜ ደህና ነኝ የሚለው ነው።

ዓይንዎን ምን ያህል እንደጋረደዎ አላውቅም። እዚህ አንድ ሐኪም ጠይቄ ነበር። ሞራ ከሆነ ይገፈፋል፤ የዓይን ግፊት ከሆነ ግን የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውን ለማትረፍ መቸኮል ያስፈልጋል አለኝ። እኔ የፈራሁት ይህንን ነው። ልጄ እንዳትጨነቅ ብለው በዝምታ የሚያሳልፉት እያንዳንዱ ወር የሚቀነሰው ከዓይንዎ ላይ ነው። መታመምዎን ብሰማ አዝናለሁ፤ አለማወቄ ግን ከዚያ የባሰ ነው። ለገና ፈቃድ ወስጄ ልምጣና አዲስ አበባ ላሳክምዎ፣ ወይስ የየሺእመቤት ባል አክሊሉ ነገ ዛሬ ሳይል ይውሰድዎ? ይህን መወሰን የምችለው እርስዎ እውነቱን ሲነግሩኝ ብቻ ነው።

አክሊሉን፣ ያን የመሰለ አማችዎን፣ ሰላም ይበሉልኝ። የልጅ ልጅዎን ኤልያብን ጉንጩን ይሳሙልኝ፤ ትምህርት ቤት መግባቱን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ለጎረቤታችን ለእትዬ አበዛሽ እጅ ይንሱልኝ። ነቢዩም «ፋዘርሽን ሃይ በይው» ብሎኛል፤ አንቱ ማለት አላስተማሩትምና ይቅር ይበሉት።

የሺእመቤትን ለመጨረሻ ያቆየሁት ጉዳይ ስላለኝ ነው። የሺዬ፣ አባዬ ይህን ደብዳቤ ራሳቸው እያነበቡት ከሆነ እሰየው። እዚህ ድረስ ያነበብሽላቸው አንቺ ከሆንሽ ግን እዚህ ጋ ቁሚ። ከስሜ በታች ባዶ የተውኩት ቦታ አለ፤ ጣታቸውን እዚያ ላይ አሳርፊላቸውና ብዕር ስጪያቸው። የሚሉኝን በገዛ እጃቸው ይጻፉልኝና ወረቀቱን መልሰሽ ላኪልኝ። መስመሩ ቢጣመም፣ ፊደል በፊደል ላይ ቢደረብ ግድ የለኝም። ብቻ አባዬ፣ ደህና ነኝ ብለው አይጻፉልኝ።

ሊልበርን፣ አትላንታ
ጥቅምት 12 ቀን 2000 ዓ.ም.

ልጅዎ
ምኞት ዳኛቸው