የካውያው ጥፋት

ይድረስ ለልጄ። ጤናውን ይስጥህ፤ እናት መራገም አይሆንላትም ብዬ ነው እንጂ ሌላም የምልህ ነበረኝ። እኛ ደህና ነን። የስፌት መኪናዬ ፔዳል ተሰብሮ ተጠገነ፤ ጉልበቴን ግን የሚጠግንልኝ አልተገኘም።

ደብዳቤህ ደረሰኝ። «የዛሬ ስምንት ዓመት ካውያውን ሳልነቅል ወጥቼ ለደንበኛሽ የሰፋሽውን የሙሽራ ቬሎ ያቃጠልኩት እኔ ነኝ፤ ንስሐ ገብቻለሁ፤ እግዚአብሔርም ይቅር ብሎኛል» ትላለህ። እሰይ! መቼም የእሱ ቬሎ አልተቃጠለ! እህትህን ግን እሷ ናት ያቃጠለችው ብዬ፣ ባላጠፋችው ጥፋት ደንበኛ ፊት በጥፊ መታኋት። አንተ በሩ ላይ ቆመህ እያየህ ትንፍሽ አላልክም። ከዚያ ወዲህ ካውያ በእጇ ነክታ አታውቅም ነበር።

ልረግምህ አፌን ስከፍት እሷን የመታሁበት እጄ ታየኝ። ሄጄ እግሯ ስር ወደቅሁ። «ይቅር በ...» ብዬ ሳልጨርስ ብድግ አድርጋ አቀፈችኝ። «እማዬ፣ እኔኮ ይቅር ካልኩሽ ቆየሁ፤ እስክትመጪ ነበር የምጠብቀው» አለችኝ። የክርስቶስን ምሕረት ለእናንተ ስነግር አርጅቼ፣ ምን እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው። አፈርኩ።

አንተ ግን ስማኝ፤ እህትህን ተራምደህ እግዜር ዘንድ አትደርስም። ለእኔ አትጻፍልኝ፣ ገና አልበረደልኝም። ለእሷ ጻፍ፣ አደራህን። ልብ ይስጥህ፣ ብዕርህንም እሱ ይምራልህ።

ትናንት ካውያውን አንስታ፣ ትተኸው የሄድከውን ነጭ ሸሚዝ ተኩሳ ሰቀለችልህ። «አንቺ፣ ገና መች ይቅርታ ጠየቀሽ?» ብላት፣ መች ትሰማኛለች!

እናትህ